የኬሪን የመጨረሻ ምሳ

የጂም ባለቤቱ ዌይድ ስታንዊክ መርማሪ ሳጅን ኔቪል ክራዶክን፣ ለሰው ሁሉ ኔቭን፣ የሰደበው በነሐሴ ወር የመጨረሻው ዓርብ፣ በካላን ክሪክ የዓሣ አጥማጆች ክበብ፣ የሥጋ ዕጣ ሲወጣ ነው። ኔቭን ብትጠይቁት የቆመበትን ቦታ ሳይቀር ያሳያችኋል፤ ከቢራ መቅጃው በስተግራ፣ ደርቆ ከተሰቀለው ትልቅ ዓሣ ሥር። ዕጣው ለሱ ወጣ። ቋሊማና የበግ ጎድን የተደረደረበትን ትሪ ሊቀበል ብድግ ሲል ዌይድ ማይኩን ከዕጣ አውጪው እጅ መንጭቆ፣

«ኧረ ለሱ አትስጡት ጎበዝ! እሱ እኮ ሥጋውን ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው!» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ይሳቅ፤ የሰው ልጅ ቢራ ይዞ ከቆመ በምንም ይስቃል። ዌይድ ግን በዚያ አልበቃውም። ወርዶ መጣና መዳፉን ኔቭ ቦርጭ ላይ አሳርፎ፣ እንደ አዋላጅ እያሻሸ፣

«መቼ ነው ሳጅን? ለገና ይደርሳል?»

ያኔ ያልሳቀ አልነበረም። ኔቭ ክርስትና ያነሣው ልጅ እንኳ ሳቀ።

ኔቭ መልስ አጣ። መልስ ለኔቭ የሚመጣለት ሁሌም ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ መምህር ኦከንደን በተማሪው ሁሉ ፊት «ክራዶክ፣ እጅህ ለሸንኮራ ቆንጨራ እንጂ ለብዕር አልተፈጠረም» ሲለው ጊዜም እንዲሁ ነበር። ደብተሩን ጥሎ ወጣ፤ ተመልሶም አልገባ። ኦከንደን ከተቀበረ ስንት ዘመኑ! ኔቭ ግን እስከ ዛሬ ጢሙን ሲላጭ በመስተዋቱ ውስጥ ይመልስለታል።

ስለዚህ በኅዳር ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደውሎ «በዌይድ ስታንዊክ ጂም ውስጥ ሴት ሞታ ተገኘች» ሲባል ልቡ ዘለለ። ለሴትዮዋ አዝኖ አይደለም። አድራሻውን ሰምቶ ነው።

*

ሟቿ ኬሪን ቶልኸርስት ትባላለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች፤ የከተማውን ልጅ ሁሉ «ቀበቶ እሰር!» እያለች ያሳደገች ሴት። ከሴቶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ አግዳሚው ሥር ተጋድማለች። ሐኪሙ ቀና አለ።

«ሳጅን፣ እጅህን ወዲህ በል። አትንካት፣ አስጠጋው ብቻ።»

ኔቭ መዳፉን ከግንባሯ በላይ ዘረጋ። ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ያለ ሙቀት ነው።

«ነፍሷ ከወጣ ቆይቷል፤ ክፍሉ ደግሞ በኤሲ በረዶ ሆኗል» አለ ሐኪሙ። «ሬሳ ይቀዘቅዛል እንጂ እንዲህ አይግልም። ከውስጥ የሆነ ነገር አቃጥሏታል።»

ኮንስታብል ሲና ፋሌቶሌ ከአግዳሚው ላይ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጓንት አነሣች። ሲና የሳሞአ ልጅ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ምላሷ የማያርፍ።

«የጠጣችው ይሄን ነው፣ አለቃ። ስሟ ተጽፎበታል።»

ካላን ክሪክ ውስጥ ያንን ጠርሙስ የማያውቅ የለም። ላዩ መበጥበጫ ነው፣ ታቹ እየዞረ የሚገጠም ትንሽ የዱቄት ኩባያ። ዌይድ የስምንት ሳምንት የመክሳት ውድድር ካወጀ ወዲህ ግማሹ ከተማ ቁርስና ምሳውን ትቶ ፕሮቲን ይጠጣል። ጠዋት ደረቁን ዱቄት ታች ሞልቶ ይወጣል፤ ምሳ ሲደርስ ኩባያዋን ፈትቶ ወደ ላይ ይገለብጣል፣ ውኃ ጨምሮ ይንጣል፣ በቃ በላ ማለት ነው። ያሸነፈ ሰው ፎቶው በከተማው መግቢያ ትልቁ ሰሌዳ ላይ ይሰቀላል። የመጨረሻው ሚዛን ነገ ቅዳሜ ነበር። እየመራች የነበረችው ኬሪን ናት።

ኔቭ አጎንብሶ ጠርሙሱን አሸተተ። ሙዝ። ባዶ ሆዱ ጮኸ።

«ምሳ አልበሉም እንዴ?» አለች ሲና።

«አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ኮሪደሩ ላይ ዌይድ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ደረቱ እንደ በር፣ ጥርሱ እንደ ኖራ። ከኋላው በየመደርደሪያው የዱቄት ጣሳ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ የራሱ ፎቶ።

«ቤቴን መቼ ነው የምትለቁልኝ? ነገ ሚዛን አለብኝ።»

«ሰው ሞቷል፣ ዌይድ።»

«አየሁ። እኔ ነኝ የደወልኩት። ልቧ ይሆናላ፤ የሠላሳ ዓመት ጥብሳ ጥብስ በስምንት ሳምንት አይወጣም።» ኔቭን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተስ በየት በኩል ገባህ? ያ በር እኮ ጠባብ ነው።»

ሲና ሳቋን በሳል አስመሰለች። ኔቭ ሰማ። መዘገበ።

*

ሬሳውን ያገኘችው የኬሪን የልብ ጓደኛ ዲዮን ማሎው ናት፤ ፀጉር ሠሪ፣ በውድድሩ ሁለተኛ። በዌይድ ቢሮ አስቀምጠው ጠየቋት። ኤሲው እላያቸው ላይ ይነፍሳል፤ ሲና ጃኬቷን እስከ አገጯ ዘግታለች። ዲዮን ግን ላቧ በአንገቷ ይወርዳል፤ በነጭ ፎጣ ደጋግማ ትጠርገዋለች።

«ሞቀሽ?» አለ ኔቭ።

«ድንጋጤ ነው። እኅቴ ማለት ነች እኮ።»

«መቼ ተለያያችሁ?»

«ስፖርቱን አብረን ሠራን። እሷ ልትቀይር ገባች፣ እኔ ወደ ሱቄ ሄድኩ። ፎጣዬን ረስቼ ስመለስ...» አለቀሰች። ፎጣው ላይ ቢጫ ነገር አለ። ኔቭ ሲያየው አየችው። «የፀጉር ቀለም ነው» አለች፤ «ልብሴ ሁሉ እንዲህ ሆኗል።»

«ጠርሙሷን ሌላ ሰው ነክቶት ይሆን?»

«እዚህ ቤት የሰው ጠርሙስ አይነካም። ሕግ ነው።»

«ከሰው ጋር ተጣልታ ነበር?»

ዲዮን ወደ በሩ አየች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከዌይድ ጋር። ባለፈው ሳምንት የከተማው የፌስቡክ ገጽ ላይ ‹የዌይድ ዱቄት ፀጉሬን እያረገፈው ነው› ብላ ጻፈች። ሰው ሁሉ አየው። ዌይድ እዚሁ፣ በሁላችን ፊት፣ ‹አፍሽን ካልዘጋሽ እኔ እዘጋዋለሁ› አላት።»

ኔቭ ይህን ሲሰማ የተሰማውን ነገር ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ወደ መስኮቱ ዞረ።

*

የኬሪን ባል ራስል ቶልኸርስት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ያለው የሸንኮራ ማሳ ገና አልታጨደም፤ የስኳር ፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ እስከዚህ ድረስ ይመጣል። ኔቭና ሲና ወጥ ቤቱን ገብተው አዩ። ሦስት የዱቄት ጣሳ፤ አንዱ ሊያልቅ የደረሰ፣ ሁለቱ ያልተከፈቱ። ሦስቱም ቸኮሌት።

«ያንን ዱቄት ባሕር ውስጥ እጥለዋለሁ ብለህ ዝተሃል አሉ» አለ ኔቭ።

«ብያለሁ። ስምንት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን በላሁ! ሃያ አንድ ዓመት አብረን በልተን፣ በመጨረሻ እኔ ሥጋ ስቆርጥ እሷ ቆማ ጠርሙስ ትንጣለች። ‹ቸኮሌቱ አንገሸገሸኝ፣ ራስ› ትለኛለች። ‹ተይዋ› ስላት፣ ‹ሰሌዳው ላይ ሳልሰቀል አልተውም› ትላለች። በየቀኑ ያን ሰሌዳ በአውቶቡሷ አልፋው ነበር የምትሄደው።»

«ዓርብ የት ነበርክ?»

«ጀልባዬ ላይ። ዓሣ ሳጠምድ።»

ሲና ማስታወሻዋን ከደነች። «የጀልባህ ተጎታች ማውረጃው ላይ አልነበረም፣ ራስል። ጠይቄያለሁ።»

ራስል ፊቱ ቀላ። እጁን ጭኖቹ መሀል ደበቀ፤ ያን የሚያህል ሰውዬ እንደ ሌባ ልጅ።

«ፔሪ ቤይ ነበርኩ። ዓሣ መጥበሻው ቤት። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ችፕስ ስበላ ነበር።»

«ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድተህ?»

«አብሬሽ እከሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር!» ጮኸ። «በየሳምንቱ ዋሸኋት። ስትሞት እኔ ጣቴን እየላስኩ ነበር። በቃችሁ?»

ሲና ለመጥበሻ ቤቱ ደወለች። የቤቱ ባለቤት አላመነታችም፤ «ዓርብ ዓርብ የሚመጣው ያ ሐዘንተኛ ሰውዬ? ኮምጣጤ የሚያበዛው? አዎ፣ ከምሳ በፊት መጥቶ ልጆች ከትምህርት ቤት እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ነበር» አለች።

ሊሄዱ ሲሉ ራስል የኔቭን ክንድ ያዘ። «ማን እንደሆነ ንገረኝ። ግን እውነቱን። እዚህ ቤት ውሸት በዝቷል።»

«እነግርሃለሁ» አለ ኔቭ። ቃል መግባት አይወድም፤ ከአፉ አመለጠው።

*

ሰኞ ዕለት ላቦራቶሪው ደወለ። ጠርሙሱ ውስጥ የተገኘው ለመክሳት ብለው የሚውጡት የተከለከለ ቢጫ ዱቄት ነው፤ ሰውነትን ከውስጥ እንደ ሻማ የሚያቀልጥ፣ ስቡን አቃጥሎ ካቆመ ደግ፣ ካላቆመ ባለቤቱን ጨምሮ የሚያቃጥል። ከኬሪን ቤት የመጡት ጣሳዎች ግን ንጹሕ ናቸው።

«ስለዚህ ቤቷ አይደለም፣ ጂሙ ነው» አለች ሲና።

የዌይድን ቢሮ ፈተሹ። ከታችኛው ቁም ሣጥን፣ ከአሮጌ የውድድር ዋንጫዎቹ ኋላ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ቢጫ ዱቄት ወጣ። ቁም ሣጥኑ ቁልፍ የለውም።

የዌይድ ኖራ ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። «የድሮ ነው! እኔ ራሴ ስወዳደር የተጠቀምኩበት ነው፤ እረሳሁት! እንዲያውም ጎድሏል፤ እኔ ስተወው እንዲህ አልነበረም!»

«ማን አጎደለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ኬሪን ስትሞት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሒሳብ ስሠራ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ብቻህን» አለ ኔቭ። ቃሏን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጣት። «እጅህን አምጣ ዌይድ። ካቴናው ይጠብሃል፤ ግድ የለም፣ ትከሳለህ።»

ይህን አስቀድሞ አጥንቶት ነበር። ሌሎች ፖሊሶች ሳቁ። መኪና ውስጥ ሲያስገባው የዌይድን ራስ በመዳፉ ተጭኖ፣ ከሚያስፈልገው ትንሽ ቆየት አድርጎ ያዘው። ሲና አየች፤ አልሳቀችም።

አለቃቸው ኢንስፔክተር ፓርጌተር ወደ ቢሮዋ ጠራችው። «መርዙ የሱ፣ ዛቻው የሱ፣ ቦታው የሱ። ኔቭ፣ በዚህ ሰውዬ ላይ ቂም አለህ ይባላል። ልክ ነው?»

«ሁሉም ሰው አለው፣ ኢንስፔክተር።»

«እንግዲያው የረሳኸው ነገር ካለ አሁን ንገረኝ። ነገ ጠዋት በግድያ ይከሰሳል።»

«የረሳሁት የለም» አለ።

*

እዚህ ላይ ኔቭ ለማንም ያልተናገረው አንድ ነገር አለ። ከዚያ የሥጋ ዕጣ በኋላ በሳምንቱ፣ ማንም እሱን ወደማያውቅበት ከተማ ነድቶ፣ ከአንድ ፋርማሲ ትልቅ ጣሳ ፕሮቲን ገዝቷል። ጠርሙሱ በፎጣ ተጠቅልሎ ከመኪናው ወንበር ሥር ነው የሚኖረው። ቁርሱም ምሳውም እሱ ነው። ሚስት የለው፣ ማንም አላወቀበት። እየከሳ ነው፤ ግን ሸሚዙን አልቀየረም፣ ሰው እንዳያውቅበት። እነሱ ሰድበውት ከሳ እንዲባል አይፈልግም። ይልቅ ቢፈነዳ ይሻለዋል።

ዌይድን እስር ቤት አስገብቶ፣ ወንዙ ዳር መኪናውን አቁሞ፣ ጠርሙሱን ናጠ። ቸኮሌት። አፉ ሲደርስ አንገሸገሸው። ሦስት ወር ቸኮሌት የጠጣ ሰው ቸኮሌት የሚጠላውን ያህል ጠላቱን አይጠላም። ደስ ሊለው ይገባ የነበረ ቀን ነው፤ እሱ ግን የሚያስበው ሌላ ጣዕም ብቻ ነው። ምናለ እንጆሪ በሆነ። ምናለ ሙዝ...

ጠርሙሱ እጁ ላይ ቆመ።

ኬሪን ቤት ያሉት ሦስት ጣሳዎች ቸኮሌት ናቸው። ስትሞት አጠገቧ የነበረው ሙዝ ነው። አጎንብሶ አሽትቶታል፤ ሆዱም ጮኾበታል። ላቦራቶሪው መርዙን እንጂ ጣዕሙን አልተጠየቀም፤ ሲናም አላሸተተችም። ዱቄቱ የሷ አልነበረም። ከሌላ ሰው ኩባያ ነው የመጣው።

ዌይድ ሊመርዛት ቢፈልግ፣ ኩባያዋ ውስጥ መርዝ ይጨምራል እንጂ ቸኮሌቷን ደፍቶ ሙዝ አይሞላላትም።

ኔቭ ወንዙን አየ። ይህን የሚያውቅ አፍንጫው ብቻ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዝም ቢል ነገ ጠዋት ዌይድ ስታንዊክ ይከሰሳል፣ ያ ማይክ፣ ያ መዳፍ፣ ያ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ይታሰራል። ማንም ኔቭን አይወቅስም። እንዲያውም ቢራ ይጋብዙታል።

ቸኮሌቱን እስከ ጠብታው ጠጣው፤ ቅጣት ይመስል። ከዚያ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በግራ ነው። መገንጠያው ላይ እየተሳደበ ቆመ፤ ዌይድን ሰደበ፣ ኦከንደንን ሰደበ፣ «እውነቱን ንገረኝ» ያለውን ራስልን ሰደበ። ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ አንዳንዶቹ ተወዳዳሪዎች ወደሚሠሩበት ስኳር ፋብሪካ።

*

ፋብሪካው ካንቲን ውስጥ ከተወዳዳሪዎቹ ሦስቱ ተቀምጠው በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ይበላሉ። ኬሪን ከሞተች ወዲህ ዱቄት የነካ የለም። ቀይ ጢማሙ የክሬን ሹፌር ኮርማክ ሶሱን ከጢሙ እየጠረገ፣

«ሳጅን ይህን ፓይ እንደ ማስረጃ ሊወስደው ነው የመጣው፣ ደብቁ!» አለ።

«ብላው፣ አንተ ከብት። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንተ ዱቄት ምንድን ነበር?»

«ቫኒላ። ስሙን አትጥራብኝ።»

«ስምንት ሳምንት ሙሉ ቫኒላ?»

ሦስቱ ተያዩ።

«ስምንት ሳምንት ቫኒላ የሚጠጣ ሰው የለም» አለ ኔቭ። «አልቻለም። እኔ... አንድ የማውቀው ሰው ሞክሮ አይቻለሁ። ምን ታደርጉ ነበር?»

ኮርማክ ጢሙን አከከ። «ዌይድ ይሰማል?»

«ዌይድ እስር ቤት ነው።»

«እንግዲያው... ዓርብ ዓርብ እንለዋወጥ ነበር። ታችኛዋን ኩባያ ብቻ። ሁሉም ጠርሙስ አንድ ዓይነት ነው፣ ይገጥማል። መኪና ማቆሚያው ላይ ፈታ ፈታ አድርገን፣ የኔን ላንተ፣ ያንተን ለኔ። ዌይድ ከያዘ ከውድድሩ ያባርራል፤ ‹በልኬ የለካሁትን ትበላላችሁ እንጂ የሰው አትለምኑም› ይላል። ለዚህ ነው ለናንተም ያልተነፈስነው።»

«ኬሪን ከማን ጋር ነበር የምትለዋወጠው?»

«ኬሪንማ ከማን ትለዋወጣለች?» አለ ኮርማክ፤ የጠየቀውን እንደ ጅል እያየ። «ከዲዮን ነዋ። ዲዮን ሙዝ ናት።»

*

ሲናን ደውሎ ጠራት። መኪናው ውስጥ ሁሉንም ነገራት፤ የራሱን ጠርሙስም ከወንበሩ ሥር አውጥቶ አሳያት። ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ሙዝ መሽተቱን እንዴት እንዳሰበው ልትጠይቅ ነው።

ሲና ጠርሙሱን አየች፣ እሱን አየች። «ለዚህ ነው እንዲህ ነገረኛ የሆኑት? ረኃብ ነው? እኔ ፍጥረትዎ መስሎኝ!»

«ፍጥረቴም ነው። ንጂ።»

የዲዮን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። ማራገቢያው ፊቷ ላይ ይነፍሳል፤ እሷን ግን ዛሬም ያልባታል። ኔቭ የመስተዋቱ ጠርዝ ላይ የተሰቀለውን ነጭ ፎጣ አነሣ። አንገት የሚጠረግበት ቦታ ላይ ቢጫ።

«ይህ የፀጉር ቀለም አይደለም፣ ዲዮን። ይህ ካንቺ ነው የወጣው፤ ያ ዱቄት የዋጠውን ሰው ላብ ቢጫ ያደርጋል። የደነገጠ ሰው አንድ ቀን ያልበዋል፤ በአራተኛው ቀን አያልበውም።»

ዲዮን ማራገቢያውን ወደ ራሷ አስጠጋች።

«ዓርብ ዕለት ኩባያ ተለዋወጣችሁ። ሙዙ ያንቺ ነበር።»

ዲዮን የራሷ ደንበኛ ይመስል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ለመስተዋቱ ነበር የምታወራው።

«ዌይድን ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ስለዚያ ዱቄት ሲያወራ፣ የት እንዳስቀመጠው ነገረኝ። ትንሽ ትንሽ እወስድ ጀመር፤ ለራሴ። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ስንወጣ እሷ ትቀድመኛለች። በየሳምንቱ! ተያይዘን ነው ትምህርት ቤት የገባነው፤ ወፍራሟ እሷ፣ ቀጭኗ እኔ ነበርኩ። ‹ሁለተኛ› ሲለኝ ዌይድ ትከሻዬን መታ አድርጎ ይስቃል።»

«ዓርብስ?»

«የቀረውን ሁሉ ጨመርኩት። ግማሹን ዓርብ፣ ግማሹን ቅዳሜ ጠዋት ልጠጣው ነበር። ልለዋወጥ አላሰብኩም። እሷ ናት መኪና ማቆሚያው ላይ እየሳቀች ኩባያዬን ፈትታ የወሰደችው። ‹ዓርብ ነው እኮ፣ ሙዜን አምጪ!› አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»



«ምንም።»

«ከዚያ በኋላ አብራችሁ ስፖርት ሠራችሁ» አለች ሲና። «ለመናገር ያን ሁሉ ጊዜ ነበረሽ። ሁሉንም ስትጠጣው አጠገቧ ነበርሽ?»

«ምን ልበል? ‹አትጠጪው፣ አጭበርብሬሻለሁ› ልበላት? በነጋታው ሚዛን ነበር! ለማንም የምነግረው ፊት አልነበረኝም። ትንሽ ያማት ይሆናል ብዬ ነው... ቅዳሜ ትቀር ይሆናል ብዬ ነው...» እዚያ ላይ ቆመች። ያለችውን ራሷ ሰማችው።



«ዌይድ ሲታሰርስ?» አለ ኔቭ።

ዲዮን በመስተዋቱ ውስጥ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ደረቅ ነው፣ በጥላቻ የተሞላ። «እናንተ ናችሁ ያሰራችሁት። አንተማ መዝፈን ነበር የቀረህ። እኔ ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። ዝም ማለት ወንጀል ነው?»

ኔቭ ወንዙ ዳር የቆመበት ቦታ ትዝ አለው። ካቴናውን ለሲና ሰጣት። «አንቺ አድርጊላት» አለ፤ «እኔ አልችልም።»

*

ለራስል ራሱ ሄዶ ነገረው። እውነቱን፣ ሙሉውን። ራስል በረንዳው ላይ ሆኖ ሰማና፣ «ሙዝ እንደምትወድ አላውቅም ነበር» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ዌይድ ስታንዊክ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ላስቀመጠው ነገር ብቻ ሊከሰስ በዋስ ተለቀቀ። ወረቀቱ ላይ መፈረም የነበረበት ያሰረው መርማሪ ነው፤ ፓርጌተር እስክሪብቶውን ለኔቭ ስታቀብለው ዓይኑን አላየችም። ኔቭ ፈረመ። በሩንም የከፈተው እሱ ነው።

ውጭ የዌይድ ልጆች፣ እነዚያ አንገት የሌላቸው አሠልጣኞቹ፣ ፒካፕ ላይ ሆነው ይጠብቁታል። ሲያዩት አፏጩ። ዌይድ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ፤ ጥርሱ ተመለሰች። የኬሪንን ስም አላነሣም። የፈታውን ሰው ዞር ብሎ አየው፤ አየውና ዓይኑ ጠበበ። የሰው ሥጋ መመዘን ሥራው ነው።

«ቆይ፣ ቆይ! ሳጅን፣ ከስተሃል!»

ፒካፑ ላይ ያሉት ዞሩ።

«ልብሱን እዩት፣ ድንኳን ሆኖበታል! ዱቄት ጀምረሃል አይደል? ፊትህ ይናገራል።» ወደ ልጆቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ማይክ የያዘ ይመስል። «አያችሁ? ያን ዕለት ክበቡ ውስጥ ባልነግረው ኖሮ ዛሬም ሥጋውን ተሸክሞ ይዞር ነበር። አመስግነኝ እንጂ፣ አንተ ቦርጫም! ሰው ያደረግሁህ እኔ ነኝ!»

ሳቁ። መዳፉ ተዘርግቶ ወደ ኔቭ ሆድ መጣ፤ ልክ እንደ ነሐሴው።

ያን ጊዜ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መልሱ በሰዓቱ መጣለት። ሰው ሳይበተን፣ ሳቁ ሳያልቅ። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ አጭር፣ ስለታም፣ ያንን ኖራ ጥርስ ከድዱ የሚነቅል። ቸኮሌትና ሙዝ፣ ወንዙ ዳር የቆመች መኪና፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገድ፤ ከዕድሜ ልክ እስራት ያወጣው ማን እንደሆነ ለመንገር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር።

ኔቭ የዌይድን መዳፍ ሳይደርስበት አየው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶት በደረጃው ወረደ።

«ምነው? መልስ የለህም?» አለ ዌይድ ከኋላው።

አልዞረም።